ያልመለስኳት የናሙና ዕቃ

አንዲት ትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አለችኝ፤ የሰገራ ናሙና የሚያዝባት። ክዳኗ ላይ ስሜ በእስክሪብቶ ተጽፏል። አራት ወር ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ከወረቀቶች ሥር ተኝታ ነበር፤ ባዶዋን። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ልጥላት ብዬ ስንት ጊዜ አንስቻት መልሼ አስቀምጫታለሁ።

የሰጠችኝ የላብራቶሪ ባለሙያ "ሽንት ቤቱ እዚያ ጋ ነው" ብላ በእጇ አሳየችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ዕቃዋን ይዤ በሰው መሃል ሄጄ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና በሰው መሃል ይዣት ልመለስ? "ነገ ጠዋት አመጣለሁ" አልኳት። አላመጣሁም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም።

ይህች ትንሽ እፍረት ምን ያህል እንዳስከፈለችኝ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከእኔ ሌላ ማንን እንዳስከፈለች ደግሞ ገና እያሰብኩበት ነው።

ደረጃው ሲረዝም

ነገሩ የጀመረው በደረጃ ነው። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለዓመታት ሳላስበው የምወጣው ደረጃ አንድ ጠዋት መሃል ላይ አስቆመኝ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል። ሰው እንዳይጠይቀኝ ስልክ አውጥቼ የማወራ መሰልኩና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ዕድሜ ነው አልኩ። ሌላ ቀን እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። ከዚያ ጭንቀት ነው አልኩ። ቤት እያሠራሁ ስለነበር ጭንቀት እንደ ልብ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ ለማውራት እንኳ ያሳፍራል። በረዶ መቆርጠም አማረኝ። ማታ ሰው ሲተኛ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ እንደ ሕፃን ልጅ በረዶ እቆረጥማለሁ። አይረን ያነሰው ሰው በረዶ ወይም አፈር እንደሚያሰኘው ያኔ የነገረኝ የለም።

የነቃችብኝ ታላቅ እህቴ ናት። "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ወደ ብርሃን" አለችና የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ አየች። ዝም አለች። እህቴ ዝም ካለች ነገሩ ከባድ ነው። በማግስቱ ሄጄ ተመረመርኩ። ሄሞግሎቢኔ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ 8.2 ሆኖ ተገኘ። የአዋቂ ወንድ ከ13 መውረድ የለበትም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ሦስት ምርመራ አዘዘ። ሁለቱ በደም የሚሠሩ ነበሩ። ሦስተኛዋ ያቺ ነጭ ዕቃ ናት።

"ነፃ ነው"

የደሙን ውጤት ይዤ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለምን ሌላ? መጀመሪያ ወዳየኝ ሐኪም ብመለስ "ሰገራውስ?" ይለኛላ! ያኔ ግን ለራሴ የነገርኩት ሌላ ነው። የተሻለ ሐኪም ፍለጋ ነው የሄድኩት።

አዲሷ ሐኪም ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ወረቀቱ ላይ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። በሰውነቴ የተጠራቀመው አይረን ተሟጧል። የወር አበባ የማያይ አዋቂ ሰው አይረኑ እንዲህ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምግብ መውረጃው ነው፤ የሆነ ቦታ ደም እየፈሰሰ ይሆናል።

"ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?"

"በጭራሽ።"

"እንደ ሬንጅ የጠቆረስ?"

"የለም።"

"የሰገራ ምርመራ አድርገዋል?"

"አዎ።"

"ውጤቱስ?"

"ነፃ ነው።"

እስከዛሬ የምትከነክነኝ ይህች መልስ ናት። ያሰብኩባት አይደለም። ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ የቆየች ይመስል ወጣች። ሐኪሟ ጻፈቻት። አንዴ ከተጻፈች በኋላ ደግሞ እውነት ሆነች። ቀጥሎ የመጣው ሁሉ የተገነባው በእሷ ላይ ነው። የቀረበላት መረጃ "ትል የለም" የሚል ስለሆነ ወደ ሌላው ሄደች፤ ቁስለት፣ እጢ፣ ካንሰር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ግን ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ትልቅ በሽታ የተባለ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ዕቃ አልይዝም ብሎ መዋሸት መደበቅ መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥረው ይሻላል። ከላይ በአፌ ካሜራ ገባ። በሌላ ቀን ከታች ካሜራ ገባ። ለዚያኛው አንድ ቀን ሙሉ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥቼ ሽንት ቤት አደርኩ፤ ከዚያም ጀርባዬን ሰጥቼ አራት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ተኛሁ። ዕቃ ይዤ በሰልፍ መሃል ማለፍ ያሳፈረኝ ሰው እንግዲህ እዚህ ደረስኩ። የአይረን ክኒን ስጀምር ደግሞ ሰገራዬ ጠቆረና ደሙ ፈነዳ ብዬ ሌሊት ደወልኩላት። ክኒኑ ራሱ ያጠቁራል አለችኝ፤ ተኛሁ። ሄሞግሎቢኔ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ቀዳዳ እንስራ እንደመሙላት።

ሁለቱም ካሜራ ምንም አላገኘም። ይኼኛው "ነፃ ነው" እውነተኛው ነው። ግን የላይኛው ካሜራ ከጨጓራ ብዙም አያልፍም። የታችኛው ትልቁን አንጀት ጨርሶ የትንሹን ጫፍ ብቻ ያያል። በሁለቱ መሃል ሜትሮች የሚረዝም ትንሹ አንጀት ሳይታይ ይቀራል። ሐኪሟ የሚዋጥ ካሜራ አለ፣ እንደ ክኒን ውጠውት አንጀቱን እያነሳ ይወርዳል አለችኝ። ወረቀቱን መሙላት ጀመረች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አቆመች።

"የሰገራውን ውጤት ወረቀት እስቲ ያምጡልኝ። አብሬ ላያይዘው።"

የለኝም ማለት እችል ነበር። ጠፋ ማለትም እችል ነበር፤ እንዲያውም አፌ ጀምሮት ነበር። ግን ደከመኝ። ደም ማነሱ ይሁን ውሸቱ የደከመኝ እንጃ። "አልተመረመርኩም" አልኳት። "ዕቃዋን ወስጄ አልመለስኩም።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። የካሜራውን ወረቀት ወደ ጎን አደረገችና ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ሳበች። "ዛሬ። እዚሁ። ቤት ወስደው አይደለም" አለች።

ማይክሮስኮፑ ሥር

የላብራቶሪዋ ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። እዚያው ውጭ አግዳሚ ላይ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩን ገርበብ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ና እስቲ እይ" አሉኝ። ታካሚ ወደ ውስጥ ማስገባት ልማድ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔን ግን አስገቡኝ።

ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር። እሳቸው በጎን ሆነው ትንሽ አሽከረከሩት። ከዚያ ታየኝ። ሞላላ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ መስታወት የሳሳ። በመሃሉ አራት ክቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በክቦቹና በቅርፊቱ መካከል ጥርት ያለ ክፍተት አለ። ቆንጆ ነው። ይህን ማለት ያስቸግራል፤ ግን ቆንጆ ነው።

"ይሄ ሁክዎርም የሚባል የአንጀት ትል ነው" አሉ። "እንቁላሉ ነው። ወዲያ ደግሞ ሌላ አለ። እዚያ ጋም።" ቆጠሩልኝ። ከዚያ ቀና ብለው ጫማዬን አዩ። "በባዶ እግርህ አፈር ትረግጣለህ?"

አዎን፤ እረግጣለሁ።

የማሠራው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አትክልት የምተክልባት ቁራጭ መሬት ነበረችኝ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ጫማዬን አውልቄ እዚያ መግባት ደስ ይለኝ ነበር። ርጥብ አፈር በጣቶቼ መሃል ሲገባ ድካሜ የሚወጣ ይመስለኛል። ለጓደኞቼ ሁሉ ሰብኬያለሁ፤ "በባዶ እግር አፈር መርገጥን የመሰለ ሕክምና የለም" እያልኩ። ዓመት ያህል እንዲህ ታከምኩ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተገጣጠመ። በእግሬ ጣቶች መሃል ያሳክከኝ ነበር፤ ፈንገስ ነው ብዬ ቅባት ቀባሁ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ደረቅ ሳል ያዘኝ፤ ብርድ ነው ብዬ ሽሮፕ ጠጣሁ። ከዚያ ሆዴን ነፋኝ፤ ጨጓራ ነው ብዬ ጨጓራዬን ረገምኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይሄ ነው፤ ያውም እውነተኛ እከክ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በእግር ቆዳ በስቶ ሲገባ ያሳክካል። በደም ተጉዞ ሳንባ ሲደርስ ያስላል። ከሳንባ በመተንፈሻ ቧንቧ ወጥቶ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ እንውጠዋለን። ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶም እዚያ ያድጋል። ካሜራ በማይደርስበት።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል። የእኔው እንቁላል ግን የሄደው በእኔ እግር ነው።

ይህን መንገድ የደረሰበት ሰው ያገኘው በስህተት መሆኑን በኋላ አነበብኩ። አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው፤ ካይሮ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ። እጮች ያሉበት ውሃ እጁ ላይ ጠብ አለበት። እጁ አሳከከውና ቀላ። ሳምንታት ቆይቶ የራሱን ሰገራ ሲመረምር የትሉን እንቁላል አገኘ። የራሱን ሰገራ ደጋግሞ መመርመር አላሳፈረውም ማለት ነው።

ጠብታው

የማይገባኝ ግን አንድ ነገር ነበር። ደም የት ሄደ? አንድም ቀን አላየሁትም። መድማት ለእኔ የሚታይ ነገር ነው፤ ቀይ፣ የሚያስደነግጥ። ሐኪሟን ይህንኑ ጠየቅኳት። ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈችልኝ።

ትሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንጀት ግድግዳ ላይ ነክሶ ይጣበቃል። ሰውን የሚይዙት ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንኪሎስቶማ ጥርስ አለው፣ ኔካቶር ደግሞ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ አፍ አለው። እንቁላላቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። አንድ ኔካቶር በቀን ወደ 0.03 ሚሊ ሊትር ደም ያስወጣል። አንድ አንኪሎስቶማ ደግሞ እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር። የሚጠጣው ብቻ አይደለም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ፣ ትሉ ቦታ ሲቀይር የተወው ቁስል መድማቱን ይቀጥላል። በልቶ በሩን ሳይዘጋ እንደሚሄድ እንግዳ።

0.2 ሚሊ ሊትር ምንም አይደለም። ጠብታዎች ናቸው። ግን ትሎቹ መቶ ቢሆኑስ? በቀን 20 ሚሊ ሊትር። በወር 600። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ አይረን አለ። ሰውነታችን ከምግብ በቀን የሚመጥጠው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንጀት ከፈሰሰው የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል፤ ቢሆንም ሒሳቡ አይሞላም። ጠብታዎቹ ደግሞ ከላይ አንጀት ላይ ስለሚፈሱ እየተፈጩና እየተቀላቀሉ ይወርዳሉ። ቀይ ሆነው አይታዩም። ኔካቶር ሆድ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይኖራል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። "ጠብ ሲል ስደፍን ሙሉ ቤት ያፈሳል" የሚለውን ተረት ሠራተኞቼ ላይ ጣሪያ ሲሠሩ ስንት ጊዜ ተርቼባቸዋለሁ!

በዚያ ሰሞን ባገኘሁት ሰው ሁሉ ላይ ስለ ትል ማውራት ጀምሬ ነበር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ወስፋት ከሁክዎርም ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ወስፋት ይበዛና አንጀት ይዘጋል እንጂ ደም መምጠጥ ሥራው አይደለም። ትሪኩሪስ የሚባለው፣ ጅራፍ የመሰለው ትል፣ ትልቁ አንጀት ላይ ተሰክቶ ይኖራል፤ ሕፃናት ላይ ሲበዛ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ቢልሃርዚያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አንጀት የሚያደማው የትሉ እንቁላል ግድግዳውን ጥሶ ለመውጣት ሲታገል ነው። መውጣት ያቃታቸው እንቁላሎች ጉበት ውስጥ ይቀራሉ፤ ጉበት ይጠነክራል፤ የደሙ መንገድ ይዘጋል። ደሙ ሌላ መንገድ ሲፈልግ የምግብ ቧንቧ ሥሮች ያብጣሉ። አንድ ቀን ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስታውካል። ያኔ የሚታይ ደም አለ። የእኔው ዓይነቱ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

መድኃኒቱማ ምን ይወራል! አልቤንዳዞል፣ 400 ሚሊ ግራም፣ አንዲት ክኒን። ከዚያ አይረን ለወራት። ሁለት ካሜራ ካስገባሁ በኋላ አንዲት ክኒን። እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

ጥጉ

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ተሻለኝ። ደረጃውን ሳላስበው እወጣለሁ። ግን ሐኪሟ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። የሁክዎርም እንቁላል አፈር ውስጥ የሚገባው ከሰው ሰገራ ነው። "ያ መሬት ላይ ሰው ይጸዳዳል?"

ይጸዳዳል። አውቃለሁ። ሠራተኞቹ ናቸው። ግንባታው ሲጀመር ፎርማኑ "ለልጆቹ ጊዜያዊ ሽንት ቤት እንቆፍር?" ብሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ቦታም ይይዛል፣ ወጪም አለው። "ለጊዜው ይቻሉት" አልኩት። ለጊዜው የተባለው ዓመት ሆነ። ልጆቹ የአጥሩን ጥግ ተጠቀሙ። ያ ጥግ ከአትክልቴ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዝናብ ሲመጣ ወደ የት እንደሚያጥበው አላሰብኩም።

ስለ ጎትሃርድ ዋሻ ያነበብኩት በዚያ ሳምንት ነው። በስዊዘርላንድ ተራራ ሥር 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1882 ተቆፈረ። ቆፋሪዎቹ ባብዛኛው ጣሊያኖች ነበሩ። ውስጡ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ሽንት ቤት የለውም። ሠራተኞቹ መንጣት ጀመሩ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ መዶሻ ማንሳት ያቅታቸዋል። የሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1880 የጣሊያን ሐኪሞች የሟች አንጀት ከፍተው አዩ፤ የታማሚዎቹን ሰገራም መረመሩ። ሁክዎርም ነበር። ድንጋዩ አልነበረም የገደላቸው። አየሩም አልነበረም።

ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ቻርልስ ስታይልስ የተባለ አሜሪካዊ፣ በአገሩ ደቡብ ያሉ ድሃ ገበሬዎች ሰነፎች ሳይሆኑ ትል ደማቸውን የመጠጣቸው ናቸው ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1902 ጋዜጦች "የስንፍና ጀርም ተገኘ" ብለው ቀለዱበት። እ.ኤ.አ. በ1909 ባለጸጋው ሮክፌለር አንድ ሚሊዮን ዶላር መድቦ ዘመቻ ተጀመረ፤ በ11 ግዛቶች። ከመድኃኒቱ እኩል የተሰበከው ሽንት ቤት መቆፈር ነው።

ስንፍና የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩ።

አንድ ልጅ ነበር። የቀን ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው። አሸዋ በጋሪ ይገፋል። ሁለቴ ይመላለስና ይቆማል። ግድግዳ ይደገፋል። አንዳንዴ ጫማ የሌለው እግሩን ድንጋይ ላይ ያሻል። ከመስኮት ሆኜ አየው ነበር። አንድ ቀን ለፎርማኑ "ይሄን ሰነፍ ቀይርልኝ" አልኩት። በማግስቱ አልመጣም። ሌላ መጣ።

ልጁ ትል ነበረበት ማለቴ አይደለም። እንዴት ላውቅ እችላለሁ? ራቡም ሊሆን ይችላል፤ እውነትም መሥራት ጠልቶ ሊሆን ይችላል። ግን ግድግዳውን የተደገፈበትን አኳኋን አውቀዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ማንም እንዳያየው። እኔ ደረጃው ላይ የቆምኩት ልክ እንደዚያ ነው። እኔ ስልክ የማወራ መስዬ ነበር። እሱ ስልክ አልነበረውም።

ባለፈው ሳምንት ሽንት ቤቱ ተቆፈረ፤ ግንባታው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው። አሁን ያሉትን ልጆች ተራ በተራ እንዲመረመሩ ላክኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ዕቃዋን ሲሰጡት "ነገ አመጣለሁ" አለ። እጁን ይዤ ወሰድኩት።

ከዚያ ለፎርማኑ ደወልኩ።

"ያ ጋሪ የሚገፋው ልጅ፣ አሁን የት ነው ያለው?"

"የቱ ልጅ ጋሼ?"

ቀጭኑ፣ ረጅሙ አልኩት። አላስታወሰም። ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሰው አልኩት። አላስታወሰም። ስሙን አላውቀው። ትንሽ ዝም አልኩና በማውቀው ስም ነገርኩት።

"ኧ! ያ ሰነፉ!" አለ ወዲያው። "እሱማ ሌላ ሳይት ነው ያለው። ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋ?"